ካፒቴኑ ድንች ሲልጥ

ሐሙስ ጠዋት ነበር፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፣
ሂዩማ ደሴት በቀኛችን ቀስ ብላ ስታልፍ፣
ካፒቴን አይቫር ኮፍያውን አወለቀ፤
እንደ ጋለ ድስት በሁለት እጁ ይዞ፣
ካርታው ላይ አኖረና ራቀ።
«ከዚህ እስከ ፓርኑ መርከቧ የናንተ ናት፤
እሳት ካልተነሳ፣ ውሃ ካልገባባት፣
እኔ የለሁም» አለ። ከወጥ ቤት ከኡኩ ቢላ ተቀብሎ፣
ባልዲ በጉልበቶቹ መሐል አድርጎ፣
ድንች ይልጥ ጀመር፣ ዕድሜ ልኩን ሌላ ያልሠራ መስሎ።

ማታውን እጅ አውጥተን ቪርቬን መርጠን ነበር።
ቪርቬ ማለት በቋንቋችን፣ ነፋስ ውሃን ሲዳብስ
ላዩ ላይ የሚሽበሸብ መስመር።
ካልዩ ማለት ቋጥኝ ነው፤
ስምን መልአክ ያወጣል ያለ ሰው ካልዩን ባየው!
ከሰኞ ጀምሮ የመርከቧን ጠርዝ አቅፎ፣
ቁርሱን ለዓሣ ሲገብር፣ ፊቱ ነጥቶ፣ ወዙ ተገፎ።

እኔ መሪው ላይ ነበርኩ።
ከመሪው እጀታዎች አንዱ ላይ ሲባጎ ተጠምጥሞበታል፤
እሱ ሽቅብ ሲቆም መርከቧ ቀጥ ብላ መሄዷ ይታወቃል።
እስከዚያ ቀን «ግራ» ሲሉኝ ግራ፣ «ቀኝ» ሲሉኝ ቀኝ ነበርኩ፤
ቪርቬ አጠገቤ ቆማ «ምን ይመስልሃል?» ስትል
ደነገጥኩ።
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው
ከዚያ በፊት መኖሩን አላውቅም፤
ምን ብዬ እንደመለስኩላት እንኳ አሁን ትዝ አይለኝም።

ኪህኑ ደሴት ጋ ስንደርስ ነፋሱ ዞረብን፣
ከፓርኑ አፍ ተነስቶ ግንባር ግንባራችንን አለን።
ወላጅ ወደብ ላይ ቆሟል፤ የሬት እናት ኬክ ጋግራለች፤
መርከብ ግን ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣባት
ቀጥ ብላ አትሄድም፣
እንደ ሰካራም ከአጥር አጥር ትላለች።

በሰባተኛው ዙር ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣
«ለመዞር ተዘጋጁ!» አለች ቪርቬ፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጠነ።
ቸኩላለች። እኔም ቸኮልኩ። መሪውን ጠመዘዝኩት፤
መርከቧ ግማሽ መንገድ ዞራ ቆመች፣ ጉልበቷ ባዶ ሆነ።
ሸራው ሁሉ ተንጓጓ፣ ገመዱ እንደ ጅራፍ ጮኸ፤
ከኋላችን፣ ውሃው ከሳሳበት፣ ድንጋዩ በነጭ አረፋ ሳቀ፤
ሌምቢት እጁን የሞተሩ ቁልፍ ላይ ጥሎ
ትእዛዝ ጠበቀ።
ሁላችንም፣ ሳንነጋገር፣ ዞረን ካፒቴኑን አየን።

እሱ ድንቹን አየ።

ከጠዋት ጀምሮ ልጣጩ አንዴም አልተቆረጠም፤
ከአውራ ጣቱ እስከ ባልዲው እንደ ጥብጣብ ይወርድ ነበር።

ያኔ ተበጠሰ።

ቃል ግን አልወጣውም።

«ሞተሩን ተወው!» አለች። «የፊተኛውን ሸራ
ወደ ነፋሱ ገልብጡት! ጎትቱ! በግራ! በግራ!»
ቀድሞ የደረሰው ካልዩ ነው፤ አፉን በእጅጌው ጠርጎ
ሙሉ ክብደቱን ገመዱ ላይ ጣለ፣
እግሩን ከወለሉ አጣብቆ ቀጥ አለ፤
ለሩብ ሰዓት ያህል ስሙን ሆነ።
መርከቧም፣ ከበረት አልወጣም እንዳለች ላም፣
አፍንጫዋን እያመነታች፣ እያመነታች... አዞረች።

ፓርኑ ስንገባ ሊነጋጋ ነው።
ወላጆቻችን መኪና ውስጥ አንገታቸውን ጥለው ተኝተዋል፤
አንድ ፊኛ ብቻ፣ ከአጥሩ ብረት ታስሮ፣ ነቅቶ ይጠብቀናል።
ኮፍያውን ማንም ራሱ ላይ አልደፋውም፤
ሌሊቱን ሙሉ ካርታው እንዳይበር ተጭኖ ያዘልን እንጂ።

ካፒቴኑ ሾርባ ቀድቶ አመጣ።
«ጎበዞች» አላለም። «ቀዝቅዟል» ብቻ አለ።
ቀመስነው፤ ምላስ የሚሰነጥቅ ጨው!
ኡኩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦
«ሦስት ጊዜ ጨመረበት» አለኝ፣ «እጁን እያየሁት፤
በመስኮቱ ወደናንተ አንገቱን ያሰግጋል፣
ይመለሳል፣ ጨው ያነሳል፣ ደግሞ ያሰግጋል።»

ጠብታ ሳናስቀር ጠጣነው።